ለቶላኒ ያልተነገረው መርዶ

ሜልቦርን ውስጥ ቶላኒን ከሚያውቋት ሰዎች ሁሉ የአባቷን ሞት መጨረሻ የሰማችው ቶላኒ ራሷ ነበረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ግን ከባዳም አለፈ። አባቷ አቶ ደበላ ጊምቢ ተቀብረው፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ተበትኖ ሳለ፣ እሷ ዌስት ፉትስክሬይ ከአንድ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ «አባዬ፣ ዛሬስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል» እያለች በኦሮምኛ ድምፅ ትልክላቸው ነበር።

ቶላኒ ገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። የመጣችው ነርስነት ልትማር ነው። ከጊምቢ ስትነሳ አባቷ «ሹራብ ምን ያደርግልሻል? አውስትራሊያ በረሃ ነው ይላሉ» ብለው ወፍራሙን ሹራቧን ለወንድሟ ለቀነዓ አስተዉዋት። የሜልቦርንን ብርድ ማን ነግሯቸው! በረዶ እንኳ የለውም፤ በረዶ ቢኖረው ሰው ፎቶ ተነስቶ ይልክ ነበር፣ ወሬም ይሆን ነበር። ይሄ ግን ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ ብርድ ነው። ግድግዳው ስስ፣ መስኮቱ ስስ፤ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ትንፋሿን በዓይኗ ታየዋለች። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናት ነበር። ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው፣ እዚህም ክረምት ነው። «አንድ ላይ ነው የሚበርደን» ትላቸው ነበር ለአባቷ።

እሳቸው ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበሩ። ጽሕፈት አይወዱም። በድምፅ ሲመልሱላት መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ «ቶላኒ፣ በልተሻል?» ይላሉ። የሁልጊዜ መልእክታቸው ይኸው ነው። በዚያ ሰሞን መልሳቸው ሲጠፋ ልጅቷ አልደነገጠችም። ወለጋ ውስጥ ኔትወርክ ለሳምንታት የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዝምታን ለምዳዋለች።

የአባታቸውን መርዶ ለእህቱ የማድረስ ዕዳ የወደቀው አዲስ አበባ በሚኖረው በቀነዓ ላይ ነበር። ከቀብር ሲመለስ ነቀምት ላይ ቆሞ፣ ቶላኒ ክፍል ለተከራየችባቸው ለእትዬ በለጥሻቸው ደወለ።

«እትዬ፣ አደራዎን። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ።»

«ውይ ልጄን! ውይ ልጄን!» አሉ እትዬ በለጥሻቸው፣ ድምፃቸው ወደ ጀርባው ክፍል እንዳይሄድ መታጠቢያ ቤት ገብተው። «እኔ አንዲት ሴትዮ እንዴት አድርጌ ልንገራት? መርዶ እኮ በጓዳ አይነገርም። ደግሞ እኔ ከነገ ወዲያ ፐርዝ ነኝ፣ ልጄ ልትወልድ ነው። የአውሮፕላን ቲኬቱን ቡክ ካደረግሁ ቆየሁ።»

«እንግዲህ እዚያ ያላችሁት እንደ ወጉ አድርጉት። ብትጠይቀኝ ኔትወርክ የለም እላታለሁ።»

ወጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አንድ ሰው ለብቻውም አይነግርም። ማለዳ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ደጁን ሳይረግጥ፣ ከበድ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው ያንኳኳሉ። ሰውየውም ገና ከበሩ ላይ ቆመው ሲያያቸው ልቡ ይነግረዋል። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አለ፤ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ አለ። አገር ቤት ሰው አንዳንዴ ይህን ይተወው ይሆናል፤ በሰው አገር ግን አጥብቆ ይይዘዋል፣ አንዱ ለሌላው ሊያደርግለት የሚችለው ሌላ ብዙ ነገር ስለሌለ። ደግ ወግ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን የሚያመርረውም ይኸው ነው።

እትዬ በለጥሻቸው አደራውን ቶላኒ ለምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ለጋሽ ብርሀነ ሰጥተው ወደ ፐርዝ በረሩ። ከመሄዳቸው በፊት ለቶላኒ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዙላት፤ የራሳቸውንም ሂተር አንስተው ክፍሏ አስገቡላት። ግንባሯን ሳሟት። ቶላኒ ከዚያ በፊት እንዲህ ስመዋት አያውቁም። በሩ ሲዘጋ ብርድ ልብሱን ተከናንባ «ሰው አገኘሁ» ብላ አሰበች።

ጋሽ ብርሀነ ደግሞ አስተዋይ ሰው ናቸው። «ልጅቷ የአባቷን ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ብትሰማው ይሻላታል» አሉና ለባስ ሹፌሩ ለሮቤራ ደወሉለት። ሮቤራ የጊምቢ አካባቢ ልጅ ነው።

«ቅዳሜ በማለዳ አንተ ከሚስትህና ካገርህ ሰዎች ጋር ቅደም። እኛ የጸሎት ፕሮግራሙን ጨርሰን ከኋላህ እንመጣለን።»

«እሺ ጋሼ። እንደዚያ ይሁን።»

ቅዳሜ ማለዳ ሮቤራ ከሚስቱና ከሌላ አንድ ሰው ጋር መጥቶ አንኳኳ። የሚከፍት ጠፋ። ቶላኒ የሌላ ሰው የሥራ ሺፍት እንድትሸፍን ተደውሎላት ከተማ መሃል ቢሮ እያጸዳች ነበር። ጋሽ ብርሀነ ጋ ቢደውል ስልካቸው ለጸሎቱ ተዘግቷል። ሮቤራ በሩን አየ፣ የጠፋውን መብራት አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ ባሱ ይጠብቀዋል። «ቀድመውን ወስደዋታል። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፣ አንዳቸው ቤት ወስደዋት ነው» አለ። ሚስቱም እንደዚያው አለች። ጋሽ ብርሀነ ከጸሎት ወጥተው ሮቤራ ቤት ሲደውሉ ያነሳችው ትንሽ ልጁ ናት። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ በእንግሊዝኛ «አባዬና እማዬ ማለዳ ቶላኒ ጋ ሄደው ነበር» አለቻቸው። ጋሽ ብርሀነ «ተመስገን፣ ተነገራት ማለት ነው» አሉ። «ዛሬ ካገሯ ሰዎች ጋር ታልቅስ፤ እኛ ነገ እንደርሳለን።»

ነገ እሑድ ነው። እሑድ ቶላኒ ከሌላ ሺፍት በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን መጣች፤ እየሮጠች መድረክ ላይ ወጣች፤ ከመዘምራኑ መካከል ቆማ ዘመረች። የለበሰችው ቀይ ሹራብ ነበር። ከአሮጌ ልብስ መደብር የገዛችው፣ ካላት ልብስ ሁሉ የሚያሞቃት እሱ ነው።

ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ሴቶች ተያዩ።

«ያቺ ቶላኒ አይደለችም?»

«ናት።»

«አባቷ ሞቶ?»

«ጌታ አጽንቷት ይሆናላ።»

«ማጽናቱንስ ያጽናት፤ ቀይ ሹራብ ግን ምን አመጣው?»

የመዘምራኑን መሪ መድሃኒትን አንዷ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። «ምነው ዛሬ እንኳ ብታሳርፏት?» መድሃኒት ምንም የምታውቀው አልነበራትም፤ ግን አላውቅም ማለት አሳፈራት። «እኔ እንጃ፣ እሷ ራሷ እንዲነሳባት ያልፈለገች ይመስለኛል» አለች። ይህ ቃል ከወንበር ወንበር ሲሻገር «ይመስለኛል» የምትለው መንገድ ላይ ወደቀች። በር ላይ ሲደርስ «ቶላኒ ማንም የአባቴን ነገር እንዳያነሳብኝ ብላለች» ሆኖ ነበር። ጋሽ ብርሀነም ይህን ሰምተው አዘኑ፤ ሆኖም «ሐዘንተኛ የፈለገውን ነው፣ አታስጨንቋት» ብለው ወደ ቤቷ መሄዳቸውን ተዉ። ቶላኒ ወደሚቀጥለው ሺፍት ስትሮጥ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። አንዳንዱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ አለፈ። ዛሬ ሰዉ ሁሉ ፍቅር ሆኗል ብላ ወጣች።

ከዚያ ምግቡ መምጣት ጀመረ። ሐዘን ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ነው የሚያበላው። ቶላኒ ከሥራ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ድስት ይቆያታል። ምስር ወጥ በአይስክሬም ባልዲ፤ ሽሮ በእርጎ ዕቃ፤ በፎይል የተጠቀለለ እንጀራ። ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። እሷም ብዙ አላሰበችም። የእትዬ በለጥሻቸው ልጅ ፐርዝ ላይ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ሰው ደስታውን ለአያቲቱ ቤት ይገልጻል። ፍሪጁ ሞላ። ፍሪዘሩ ሞላ። ቶላኒ የሞላውን ፍሪጅ ፎቶ አንስታ ለእትዬ በለጥሻቸው ላከችላቸው። እትዬ በለጥሻቸው ለመደወል ፈርተው ነበር፤ ድምፅዋን ቢሰሙ እንደሚያለቅሱ ያውቃሉ። ፎቶውን አይተው «ወገን ደረሰላት» ብለው ጌታን አመሰገኑና «አይዞሽ ልጄ» ብለው ጻፉላት።

አንድ ቀን ማሪቢርኖንግ ገበያ ማዕከል ውስጥ እትዬ እታለምን አገኘቻቸው። በምስር ወጣቸው የታወቁ ሴት ናቸው፤ የአይስክሬም ባልዲው የሳቸው መሆኑን ከክዳኑ ለይታ ነበር።

«እትዬ እታለም! ያ ወጥ እንዴት ይጣፍጣል! ጣቴን ነው የበላሁት።»

እትዬ እታለም ፊታቸውን አጨፍግገው ሊያቅፏት ዘርግተውት የነበረውን እጅ መለሱ። «በላሽ? እሰይ። መብላትስ ጥሩ ነው።»

«ቤቱን ሞላችሁት እኮ! እንዲህ ከሆነማ በየዓመቱ ይምጣልን።»

«በየዓመቱ?»

«ምን አለበት? ደስ ይላል እኮ!»

እትዬ እታለም ጋሪያቸውን ገፍተው ሄዱ። ማታውኑ ሦስት ቤት ደወሉ። «ያቺ ልጅ ወይ አእምሮዋን ነክቷታል፣ ወይ ልብ የሚባል አልፈጠረባትም» አሉ። «አባት እኮ ነው! ውሻ እንኳ ቢሞት!»

ከዚያ ወዲያ ድስቱ ቆመ። ሰላምታውም ቀዘቀዘ። መዘምራን ጋ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ መሆን ጀመረ። ለሂዊ የላከችው መልእክት ሳይመለስ ይቀራል፤ ሂዊ እኮ በፊት ትራም ላይ እየተደገፈቻት የምትተኛ ጓደኛዋ ናት። ቶላኒ ምን እንዳጠፋች ልታገኘው አልቻለችም። አማርኛዬ ነው? ሹራቤ ይሸታል? ከሥራ በቀጥታ ስለምመጣ የማጽጃው ሽታ አለብኝ? ራሷን አሸተተች። ሁሉንም ለአባቷ በድምፅ ነገረቻቸው። «አባዬ፣ እዚህ ሰውም እንደ አየሩ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ብርድ።» በዚያው ቀን ከመልእክቶቿ ሥር አንድ የነበረው ምልክት ሁለት ሆኖ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ተከፍቷል፣ ተሰምቷል ማለት ነው። ቶላኒ ዘላ ተነሳች። «ኔትወርክ መጣ!» አለች ለባዶው ክፍል።

በዚያ ደስታ ነው ድግሱን ያሰበችው። ምግቡ ፍሪዘር ውስጥ ተከምሯል፣ ሰዉ ደግሞ ተቀይሟታል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ባይሆንም ሁለቱን ማገናኘት አያቅትም። መዘምራኑን ለቅዳሜ ምሳ ጠራቻቸው። ሐዘንተኛ ጠርቶ መቅረት ነውር ነውና ሦስቱ መጡ፤ መድሃኒት፣ ሂዊ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው አናንያ። ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል። ገብተው ጫማቸውን አወለቁ፤ ሶፋው ላይ ተደርድረው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ቶላኒ ሂተሩን ወደነሱ አዞረችላቸው። መዝሙር ከፈተች። «ብሉ እንጂ!» አለች። ሂዊ አንድ ጉርሻ አንስታ መልሳ አስቀመጠች። መድሃኒት መሐረብ አወጣች። ቶላኒ የእትዬ እታለምን ምስር አሙቃ፣ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ከኩሽና ስትወጣ ሦስቱን አየቻቸውና ሳቀች።

«ምነው ጃል! ቤቱን ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እኮ!»

አናንያ እዚያው ሜልቦርን ያደገ ልጅ ነው። ወጉን አያውቅም፤ የሚያውቀው ዝምታው እንደከበደው ብቻ ነው።

«ቶላኒ፣ ሶሪ» አለ። «ስለ አባትሽ ቀደም ብዬ ሶሪ ልልሽ ፈልጌ ነበር። እንዳታነሱባት ስለተባልን ነው።»

ሂዊ ጉልበቱን መታችው።

«ስለ አባቴ ምን?»

አናንያ ወደ መድሃኒት ዞረ።

«አናንያ፣ ስለ አባቴ ምን?»

«አልነ…» አለችና መድሃኒት አፏን በመሐረቡ ያዘች። «አልነገሩሽም እንዴ?»

ቶላኒ ድስቱን አልጣለችም። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጥቁር ልብሳቸውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ወጡ ሄደ፤ ለረጅም ጊዜ ወጡን አየችው። «ይሄ…» አለች፣ አልጨረሰችውም። ሂዊ ልታቅፋት ተነሳች፤ ቶላኒ በእጇ አገደቻት። መዝሙሩ እየተጫወተ ነበር፤ አናንያ ተነስቶ ዘጋው።

ከሄዱ በኋላ ቀነዓ ጋ ደወለች።

«መቼ ነው?»

ቀነዓ ገባው። መጀመሪያ አለቀሰ፤ ከዚያ ነገራት። ደም ግፊት ነው። ሱቃቸው ውስጥ ነው የወደቁት። ሦስት ሳምንት አልፎታል።

«እትዬ በለጥሻቸው ተነግሯታል ብለውኝ ነበር። ትደውላለች ብዬ ደግሞ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ አልደወልሽም። እሷ በራሷ መንገድ ይዛዋለች አልኩ።»

«ድምፄን ማን ነው የሰማው?»

«ስልኩ እኔ ጋ ነው። እኔ ነኝ። ለሞተ ሰው እንደምትናገሪ የምታውቂ መስሎኝ፣ ሐዘኗን እያስታገሰች ነው ብዬ… ስለ ብርዱ ስትነግሪው እየሰማሁ አለቅስ ነበር።»

«አንተ አለቀስክ» አለች ቶላኒ። «ሁላችሁም አልቅሳችሁ ጨረሳችሁ። እኔስ መቼ ላልቅስ?»

ቀነዓ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አጠራረጉ ልክ እንደ አባታቸው ነበር። ዘጋችው።

ወሬው ከአናንያ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ ጋሽ ብርሀነ ደረሰ። ጋሽ ብርሀነ ራሳቸውን ያዙ። «እንግዲህ ወጉን አሁን እንፈጽመዋለን» አሉ። እሑድ ማለዳ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ሳይቀልጥ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ ጋሽ ብርሀነ፣ ሮቤራና ሚስቱ፣ እትዬ እታለም፣ ሌሎችም። አንኳኩ። ቶላኒ ተነስታ ለብሳ ነበር፤ ከፈተችላቸው። ገብተው ተቀመጡ። ወንበር አልበቃም፤ እሷ ቆመች።

ጋሽ ብርሀነ ጸለዩ። ከዚያ ከሩቅ ጀመሩ። «ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው…»

«ጋሼ፣ ሰምቻለሁ» አለች ቶላኒ። «የለቅሶውን ምግብ ሳይቀር በልቼ ጨርሻለሁ።»

ያኔ ሴቶቹ ለቀቁት። እትዬ እታለም ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ የሮቤራ ሚስት በኦሮምኛ አለቀሰች፤ እንባቸው የእውነት ነበር። ቶላኒ እንባውን ጠበቀችው። አባቷን በሱቃቸው ውስጥ አሰበች፣ የተፈታታውን ሬዲዮ አሰበች፣ ስትሄድ የሸኟትን አሰበች። አልመጣም። በየሄደችበት ስትስቅ፣ ስትዘምር፣ ጣቴን በላሁ ስትል የነበረችው ቶላኒ ብቻ በዓይኗ ላይ እየመጣች ትቆማለች። ያቺን እያየች እንዴት ታልቅስ? ያፈረ ሰው አያለቅስም።

ለቅሶው በረድ ሲል ነገሩ ወደ ማን አጠፋ ዞረ።

«ሮቤራ፣ አደራው ያንተ ነበር» አሉ ጋሽ ብርሀነ፣ በቀስታ።

«ጋሼ፣ እኔ መጥቻለሁ። ይሄን በር በዚህ እጄ አንኳኩቻለሁ። ከኋላህ እንመጣለን ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ልጅህ ሄደዋል አለችኝ!»

«መሄድማ ሄድን። ተነገራት አለችዎት?»

«መዘምራኑ ናቸው እንዳታነሱባት ያሉት» አለ ሌላው።

ቶላኒ ወደ ኩሽና ገባች። ውሃ ጣደች። ሻይ አፍልታ በየተራ አቀረበችላቸው። ሐዘንተኛ ለለቀስተኛ አይቀዳም፤ ሁሉም ያውቁታል፤ ግን ብርድ ነበርና ተቀበሏት። ሮቤራ ብርጭቆውን ሲቀበል በኦሮምኛ ዝቅ ብሎ «ይቅር በዪኝ፣ እህቴ» አላት። «እሺ» አለችው።

ብዙ አልቆዩም፤ የእሑዱ ፕሮግራም ደረሰ። ጋሽ ብርሀነ ሲወጡ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ባረኳት። ሌሎቹ እያቀፏት ወጡ። ብርጭቆዎቹን ስትሰበስብ ሶፋው ላይ የተረሳ ነጠላ አገኘች፤ የእትዬ እታለም ነው። ይዛው ወደ በሩ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውጭ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ።

«አያችሁልኝ?» ይላሉ እትዬ እታለም። «አንዲት ጠብታ! አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ሻይ ስትቀዳ እኮ እጇ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አልሰማችም፣ አልሰማችም ይላሉ፤ ይኸው ሰማች። እኔ ዱሮም ብያለሁ።»

ቶላኒ ቆመች። ከዚያ በሩን ከፈተችው።

«እትዬ፣ ነጠላዎን ረስተዋል» አለች፣ በሁለት እጇ ዘርግታ። «ይልበሱት፤ ውጭው ይበርዳል።»